ሬዲዮ ሊሰሙ የመጡ ሽማግሌዎች

በመስከረም የመጨረሻው ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደባርቅ ከተማ መብራት ጠፋ። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ ፈጽመው የመጀመሪያ ንግግራቸውን ሊያሰሙ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷቸው ነበር።

እኔ እናቴ ቤት፣ ጥቁር ከሆነው ቴሌቪዥን ፊት ለፊት፣ እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣሁት እናቴን ልጠይቅ ቢሆንም ሥራዬ ተከትሎኝ መጥቷል፤ የጋዜጣችን ዋና አዘጋጅ በየዘመኑ ወንበሩ ላይ የተቀመጡ መሪዎች በመጀመሪያው ቀን የተናገሩትን እያነጻጸርኩ አንድ ሰፊ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አዞኛል፤ የዛሬው ንግግር የጽሑፉ መደምደሚያ ነው። የስልኩ ዳታ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ከጎንደር ስመጣ መኪናችን ኮሶዬ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ለምን እንደቆመ የነገረን የለም፣ ለምን እንደተለቀቀም እንዲሁ። የመብራቱ መጥፋት እንግዲህ ከሚያስጨንቀኝ ነገር ሁሉ ትንሹ ነበር። ትልቁ ጠዋት ቁርስ ላይ እናቴ ያለችኝ ነው።

«ዛሬ ይኸ ሰውዬ የሚለውን ልስማና፣ ከዚያ የምልክሽ ቦታ አለ።»

የት እንደሆነ ብጠይቃት «መጀመሪያ ንግግሩ ይጨረስ» ብላ ሳህኑን አነሳች። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠይቅ የኖርኩ ጋዜጠኛ ነኝ፤ መልስ አልሰጥም ያለ ባለሥልጣን ፊት ቁጭ ብዬ ውያለሁ፣ አልተሸበርኩም። የእናቴ «ይጨረስ» ግን ከጠዋት ጀምሮ ሥራ አላስያዘኝም።

መብራቱ ሲጠፋ እሷ ምንም አልደነገጠችም። «ድንጋዮቹ ከጧት ጀምረው ፀሐይ ላይ ናቸው» ብላ ወደ ግቢው ወጣች፤ ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ አራት የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ይዛ፣ በሌላው እጇ ደግሞ የአባቴን ሬዲዮ አንጠልጥላ ነበር። አራቱን ድንጋዮች እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ሞቀው ነበር፤ ፀሐይ የበላው ብረትና የቀለጠ ሬንጅ የሚመስል ሽታቸው ከሬዲዮው አሮጌ ቆዳ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ከእናቴ ቤት ሳልነሳ ወደዚያው ቤት ተመለስኩ፤ ግድግዳው በጭቃ ወደተመረገበት፣ ጣሪያው ክረምት ክረምት ወደሚያፈስበት፣ አባቴና ወንድሜ ወዳሉበት ቤት።

ሬዲዮውን አባቴ የገዛው ሊማሊሞ መንገድ ሥራ ካምፕ የመጋዘን ሠራተኛ ሳለ፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚሄድ መካኒክ ነው። ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቡናማ የቆዳ ልብስ ነበረው፤ እናቴ ደግሞ በዚያ ላይ አበባ የጠለፈችበትን ጨርቅ ታለብሰው ስለነበር ከቤተሰቡ ሁለት ልብስ የነበረው እሱ ብቻ ነው እያልን እንቀልድ ነበር። አባቴ ዜና ሊሰማ ሲል ኮቱን ይለብሳል። አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ራሱን ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይመልስለታል። ታላቅ ወንድሜ ሞገስ በዚህ ይስቃል፤ ግን እሱም ከሬዲዮው ሥርዓት ውጭ አልነበረም፤ የአንቴናው ዘንግ ከተሰበረ በኋላ የተተካውን ሽቦ ይዞ በመስኮቱ በኩል የሚቆመው እሱ ነበርና። ሞገስ ሽቦውን ሲይዝ ድምፁ ይጠራል፣ ሲለቅ ይንሿሿል። አባቴ ይዞ ሞክሯል፣ እኔም ወንበር ላይ ወጥቼ ሞክሬያለሁ፤ እንደ ሞገስ የሚሆን አልተገኘም። ረጅም ስለሆነ ነው እንል ነበር። «አዲስ አበባ በእኔ በኩል አልፋ ነው እናንተ ጋ የምትደርሰው» እያለ ይኮራብናል።

አዲስ ሰው ሥልጣን ይዞ የሚናገር ዕለት ሦስት ሰዎች እኛ ቤት ይመጣሉ። አንዱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፣ ሁለተኛው ጨውና ጋዝ የሚሸጡት አቶ ቢምረው፣ ሦስተኛው ከከተማው ዳር የሚያርሱት አያ ፈንታ። እያንዳንዳቸው የሚጠብቁት አንዳንድ ቃል ነበራቸው። አያ ፈንታ «መሬት» የምትለዋን ይጠብቃሉ፤ አቶ ቢምረው «መንገድ»ን፤ መሪጌታ የእግዚአብሔር ስም ይነሳ እንደሆነ፣ ከተነሳም መጀመሪያ ላይ ነው መጨረሻ ላይ የሚለውን። አባቴ ሁሉንም እሰማለሁ ይላል እንጂ የሚጠብቀው «ደመወዝ»ን እንደነበር ቤተሰቡ ያውቃል። ቃሉ የወጣለት ሰው ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ያልወጣለት ጋቢውን አጥብቆ ይከናነባል። ንግግሩ ሲያልቅ ማን ምን እንደሰማ ለማወቅ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያዳምጡት ሰላምታውን ነው። ይህን ያስተማሯቸው መሪጌታ ናቸው፤ የመጣውም ከመርዶ ነው። በእኛ አገር መርዶ በጧት ይነገራል። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ላይ ይቆማሉ፤ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የሰፈር ሴቶች ድምፃቸውን አጥፍተው ይከተላሉ፤ እናት ራሷን እንዳትጎዳ የሚይዟት እነሱ ናቸው። ቃሉን የያዘው ሽማግሌ ግን በቀጥታ አይናገርም። ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ጤና፤ ጥያቄው በረዘመ ቁጥር ሰሚው የሚመጣውን እያወቀ ይሄዳል። «የሹም ንግግርም የመርዶ ታናሽ ወንድም ነው» ይሉ ነበር መሪጌታ፤ «ሆዱ የከበደ ሰው ደኅንነትህን አብዝቶ ይጠይቅሃል።»

አገሪቱ ፕሬዚዳንት የሚባል ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማች ጊዜ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። የእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፤ ደጁ ጭቃ፣ ከሊማሊሞ የሚወጣው ጉም እስከ በራችን ደርሶ የሚቆምበት ወቅት። ሞገስ ሽቦውን ይዞ ቆመ፤ ሦስቱ ሰዎችም እንደየዕድሜያቸው ተቀመጡ። የማስታውሰው ከንግግሩ ይልቅ ጭብጨባውን ነው፤ እንደ በረዶ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ወርዶ ወርዶ ያባራል፣ ደግሞ ይጀምራል። ሰላምታውም ረጅም ነበር፤ ለሠራተኛው፣ ለገበሬው፣ ለወጣቱ፣ ለሴቱ፣ ለሁሉም ተራ በተራ ደረሰ። አያ ፈንታ ጋቢያቸውን አጥብቀው ተከናነቡ።

«መሪጌታ፣ እንዴት ነው ይኸ ሰላምታ?» ብለው ጠየቁ።

«ከብቱን ሳይቀር ጠየቀ እኮ» አሉ መሪጌታ።

ሞገስ ሽቦውን እንደያዘ ሳቀ፤ ሲስቅ ሰውነቱ ስለተነቃነቀ ድምፁ ተንሿሿ፤ አባቴ «ቁም እንጂ አንተ» ብሎ ተቆጣው። ከዚያ ምሽት በኋላ የወንድሜን ሳቅ ከማንኛውም ንግግር ለይቼ የማስታውሰው ለዚህ ይመስለኛል። በዚያው ዓመት፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ እሱና የአያ ፈንታ ልጅ ካሳ ከገበያው መሐል ለውትድርና ተወሰዱ። ካሳ የአህያ ጭነት እያራገፈ ነበር፤ ሞገስ የሄደው ለአባቴ ምላጭ ሊገዛ ነው።

ሞገስ ከሄደ በኋላ ሬዲዮው እንደ ቀድሞው ጠርቶ አያውቅም። ሽቦውን የምይዘው እኔ ሆንኩ፤ ቁመቴም ጨመረ፣ ግን መንሿሿቱ አልቀረም። ለወትሮው ከጓዳ የማትወጣው እናቴ ከዚያ ወዲህ ዜና ሲጀምር በሩ መቃን ላይ ተደግፋ መስማት ጀመረች። እሷም አሁን የምትጠብቀው ቃል ነበራት። ነግራን አታውቅም፤ ግን ወታደር የሚል ቃል ሲነሳ እጇ መቃኑን አጥብቆ ይይዛል፣ ቀጥሎ «ወደየቤታቸው ይመለሳሉ» የሚል ነገር ሳይመጣ ሲቀር ይለቀዋል። ይህን አይ ስለነበር እኔም ሳላውቀው ያንኑ ቃል መጠበቅ ጀመርኩ፤ ዛሬ ድረስ ማንኛውንም የሥልጣን ንግግር ስሰማ ጆሮዬ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ መንግሥት ተለወጠ። የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ነበር፤ መሣሪያውን ጥሎ፣ የሰው ጃኬት ለብሶ፣ በእግሩ ወደየአገሩ የሚሄድ ሰው በየቀኑ በደባርቅ ያልፋል። እናቴ ከመንገዱ ዳር አትጠፋም ነበር፤ ውኃ ታቀርባለች፣ ታያለች፣ ትመለሳለች። አዲሱ አመራር የመጀመሪያውን ንግግር የሚያሰማበት ምሽት እሷ ግን ቤት አልነበረችም፤ የታመመች እኅቷን ልትጠይቅ ዳባት ሄዳ አምሽታ ነው የተመለሰችው። ሦስቱ ሰዎች እንደ ልማዳቸው መጡ። ንግግሩ ከቀድሞው በጣም ይለያል፤ ጭብጨባ የለም፤ ባዶ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ለራሱ ጮክ ብሎ የሚያነብ ይመስላል። ሰላምታውም አጭር ነበር። መሪጌታ ደስ ብሏቸው ጉሮሯቸውን መጠራረግ እንደጀመሩ ድንጋዩ ደከመ፤ ድምፁ ጉድጓድ እንደሚወርድ ሰው እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። አባቴ ሬዲዮውን መታ መታ አደረገው፤ ድንጋዮቹን አውጥቶ ነከሳቸው፣ በብብቱ ይዞ አሞቃቸው፤ ወይ ፍንክች።

አቶ ቢምረው ዘረፋ ፈርተው ሱቃቸውን ከዘጉ ሰንብተዋል። «ቤት የደበቅኋቸው አዳዲስ ድንጋዮች አሉኝ» አሉ፤ «ንግግሩ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ዜና ይደገማል። ማልደን እንምጣ።» ተስማሙ። አባቴም «በሩን ክፍት አደርግላችኋለሁ» ብሎ ሸኛቸው። እናቴ ስትመለስ ደክሟት ነበርና በቀጥታ ተኛች፤ አባቴ ሊነግራት ረሳ።

በማግስቱ ጧት፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ እናቴ ውኃ ልትቀዳ እንስራዋን አንስታ በሩን ከፈተች። ደጁ ላይ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ብርዱ ነው ያከናነባቸው። አቶ ቢምረው ድንጋዮቹን በጋቢያቸው ስር ደብቀው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈዋል። ከሦስቱ መሐል ትልቁ መሪጌታ ናቸውና እንደ ደንቡ ቀድመው ተናገሩ።

«እንዴት አደርሽ እናኑ? እኅትሽ እንዴት ናት? ከብቶቹስ ደኅና ናቸው?»

እንስራው ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ የእናቴን ጩኸት። የልጇን ስም ሦስት ጊዜ ጠርታ ራሷን መሬት ላይ ጣለች። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ስላልገባቸው ዝም ብለው ቆሙ፤ ዝምታቸው ነገሩን አባሰው። በግራም በቀኝም ያሉ ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ሮጠው መጡ፤ አባቴ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ ወጥቶ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ቀጥሎ ፊቱን ይዞ አብሮ መጮህ ጀመረ፤ እነሱን የጠራው ራሱ እንደሆነ እንኳ ረስቶታል። ጉዳዩን ያስቆሙት አቶ ቢምረው ናቸው። ድንጋዮቹን ከጋቢያቸው አውጥተው ከሰው ራስ በላይ ከፍ አደረጉ።

«ኧረ ሬዲዮ ልንሰማ ነው የመጣነው! ሬዲዮ! ድንጋይ ይዣለሁ እኮ!»

አባቴ ይህን ሲሰማ ተንደርድሮ ሄዶ እናቴን አነሳት። «አንች እናኑ፣ ሴቶች የሌሉበት መርዶ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት፤ እንባው ገና ጉንጩ ላይ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም፤ የሚያለቅሱና የሚስቁ ሰዎች ድምፅ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ነበር። መሪጌታ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። አንዲት ጎረቤታችን «የተሰበረውን እንስራ መንግሥት ይክፈል» አለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም አንድ በአንድ አየሁ፤ ያን ጊዜም የማየት ልማድ ነበረብኝ። ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። አያ ፈንታ ወደ አጥሩ ዞረው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ፣ ለማንም ሳይሉ «ውኃ ስጡኝ እስቲ» አሉ። ልጃቸው ካሳ ከተበተነው ጦር ወደ ቤቱ ከተመለሰ አራት ቀን ሆኖት ነበር፤ ወደ እኛ ግን አልመጣም።

እናቴ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። መሳቅ ጀምራ ነበር፤ መሐል ላይ አቆመችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ሽማግሌዎቹን እያየች ተናገረች።

«ከእንግዲህ ወዲህ በጧት ይችን ደጅ የሚረግጥ ሽማግሌ በደረስጌዋ ማርያም ገዝቼዋለሁ። ለሬዲዮም ቢሆን፣ ለሌላም ቢሆን።»

ግዝት እንዲህ በቀላሉ የሚጣስ ነገር አይደለም፤ ያውም በደረስጌ ማርያም ስም። መሪጌታ ሊያስቁ ሞከሩ፣ «አንች ሴት፣ የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ዜና ከለከልሽን እኮ» አሉ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ንግግሩን ያን ጧት የሰማው የለም። አዲሶቹ ድንጋዮች እንደታሸጉ ተመለሱ። በእኛ ቤት መርዶ የሚገባበት ብቸኛው ሰዓትም በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አያ ፈንታ ወደ ቤታችን ሲመጡ በማታ ነው፤ ሲቀመጡም ለእናቴ ጀርባቸውን ሰጥተው። ካሳ እሷን መንገድ ላይ ሲያይ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር።

እኔ አድጌ ጋዜጠኛ ሆንኩ፤ ከዚያ በኋላ የመጡትን በዓለ ሲመቶች ባለ ቀይ ምንጣፉ አዳራሽ ውስጥ ተገኝቼ ዘግቤያለሁ። የኋለኞቹ ፕሬዚዳንቶች ንግግር ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያስፈራራ ሳይሆን ሠርግ ላይ እንደሚመርቅ ሽማግሌ ያለ፤ ሥልጣኑም ያን ያህል ስላልሆነ ይሆናል። ጭብጨባው በልክ ነው። ሰላምታው አንዳንዴ ያጥራል፣ አንዳንዴ ይረዝማል፤ የመሪጌታ መለኪያም ሁልጊዜ እንደማይሠራ ተምሬያለሁ፤ አጭር ሰላምታ ያላቸው ዓመታት ረጅም ኀዘን ይዘው ሲመጡ አይቻለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሴት ድምፅ ከዚያ መድረክ ሲሰማ እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ ቆማ እንደሰማች ጎረቤት ነግሮኛል። ከእያንዳንዱ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ እኔ ዜናዬን ሳልልክ፣ ትደውልልኛለች። ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ስለ ልጆቹ የተባለ ነገር አለ?»

«አልሰማሁም እማዬ» እላታለሁ።

«ይሁን። ሌላ ይመጣል።»

ለእናቴ እያንዳንዱ አዲስ መሪ ሌላ ዕድል ነበር። ሌላው ሰው መንገድ፣ መሬት፣ ደመወዝ ሲጠብቅ፣ እሷ የሆነ ቦታ የተያዙ፣ የተረሱ፣ የሚለቀቁ ልጆች እንዳሉ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ጠበቀች። ለሞገስ ተዝካር አልወጣለትም፤ መርዶው ያልተነገረ ሰው ተዝካር የለውም። በጸሎት ጊዜ ስሙ የሚነሳው ከሕያዋን ጋር ነው። እኔ ካሳን መጠየቅ እችል ነበር፤ ሰው መጠየቅ ሥራዬ ነው። ግዝቱ እኔንም ይመለከተኛል ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ በዚህ ሰኞ፣ ሞቃቶቹን ድንጋዮች ሬዲዮው ውስጥ አስገብቼ፣ ሽቦውን ይዤ በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። እናቴ እንደ ጥንቱ መቃኑ ላይ አልተደገፈችም፤ የአባቴ ወንበር ላይ፣ ኮቱ ይንጠለጠልበት ከነበረው ሚስማር ስር ተቀመጠች። ንግግሩ ጀመረ። ግማሹ ተንሿሿ፣ ግማሹ ተሰማ። እኔ ለጽሑፌ የሚሆነኝን መያዝ ሲገባኝ የእሷን እጅ ብቻ አይ ነበር። እጇ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ አንዴም አልተጨበጠም። የሰማነው ንግግር ያን ዓረፍተ ነገር ሳይዝ አለቀ፤ ሙዚቃው ገባ። እናቴ ሬዲዮውን ዘጋች፤ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ ውስጡ እንዳይፈሱ ሁልጊዜ የምታደርገው ነው።

«በይ አሁን ፈንታ ጋ ሂጂልኝ» አለች። «እናኑ ግዝቱን ፈትታለች በይው። ትናንት ለንስሐ አባቴ ነግሬ አስፈትቻለሁ።»

ሽቦው እጄ ላይ ነበር።

«እማዬ፣ ለምን አሁን?»

«ሌላ ንግግር የምሰማበት ዕድሜ የለኝም። ብሞት ተዝካሩን ማን ያወጣለታል? ካሳም ሸምግሏል።» ድንጋዮቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። «ያን ዕለት ሁሉም ሲስቅ ፈንታ አልሳቀም። አንች ብቻ ያየሽ ይመስልሻል? አይቼ ነው የገዘትሁት።»

ወደ አያ ፈንታ ቤት የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ረዘመብኝ። ያለፍኩበት የአቶ ቢምረው ሱቅ ዛሬ የሞባይል ጥገና ነው፤ እሳቸው ልጆቻቸው ጋ እንደሄዱ እዚያው አርፈዋል። መሪጌታ የተቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን ዛፎቹ ሸፍነውታል። አባቴ ኮቱን ለብሶ ተቀብሯል፤ እናቴ ናት ያለበሰችው፣ ዜና ይሰማበታል ብላ። ወጣቶች በየደጁ ተቀምጠው፣ ኔትወርክ የለውም እየተባለም፣ ስልካቸውን ያያሉ፤ መብራቱ ሲመጣ ንግግሩን እያንዳንዱ ለየብቻው፣ ከፈለገ፣ ያየዋል። አንድ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ቃል ይዞ፣ አንድ ሰላምታ ሲመዝን የሚያመሽ ሰው በዚህ ሰፈር የቀረ የለም። ከሦስቱ የቀሩት አያ ፈንታ ብቻ ናቸው።

ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን ወዲያው አወቁኝ። ካሳ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከጎናቸው ቆሞ ነበር፤ ወደ ማዶ የሚሻገርበት መንገድ አልነበረውም።

«አያ ፈንታ፣ እማዬ ልካኝ ነው። ግዝቱን ፈትቻለሁ ብላለች።»

ካሳ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሬዲዮውን ሰማችሁት?» አሉ አያ ፈንታ።

«ሰማነው።»

«ሰላምታው እንዴት ነበር?»

«አጭር ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሪጌታ ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር» አሉ። ከዚያ በትራቸውን ፈለጉ፤ ካሳ አቀበላቸው። «ከጎረቤት ሽማግሌ አስከትላለሁ። ነገ በጧት ነው በያት።»

ወደ ካሳ ዞርኩ። ልጠይቀው የምችለው ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር፤ የት፣ መቼ፣ ማን አየ የሚሉት። እሱም የሚጠብቀኝ ይመስል ነበር። ደኅና እደሩ ብዬ ተመለስኩ። መብራት በዚያ ምሽት አልመጣም። የንጽጽሩን ጽሑፍ የመጀመሪያ አንቀጽ በሻማ ጻፍኩ፤ ከሰላምታዎቹ ነው የጀመርኩት። እናቴ አዲስ ነጠላ ከሳጥን አውጥታ፣ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረች፤ በሩንም ሳትቀረቅር ተኛች።

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አያ ፈንታና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃችን ላይ ቆሙ። እናቴ ቀድማ ተነስታ ነበር። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሴቶች ነበሩ።